የሃይናን አየር መንገድን ማን አከሰረው?

በ2021 ፌብሩዋሪ 10 ቀን፣ የቻይናውያን አዲስ ዓመት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በደቡብ ቻይና የምትገኘው የሃይናን ግዛት ከፍተኛ ፍርድ ቤት የአበዳሪዎችን አቤቱታ ተቀብሎ መዝገብ ከፈተ። አቤቱታው የቀረበው ኤችኤንኤ በተባለው ግዙፍ የንግድ ቡድንና በሥሩ ባለው በሃይናን አየር መንገድ ላይ ነበር። ዕዳቸውን መክፈል ስላቃታቸው በሕግ ጥላ ሥር እንደገና ይዋቀሩ ተባለ። በዚያ ሁሉ መሐል ግን በረራው አልተቋረጠም። ቀይና ቢጫ ጅራት ያላቸው አውሮፕላኖች መንገደኛ እየጫኑ ይነሱ ነበር፤ አስተናጋጆቹም ምግብና ሻይ ያቀርቡ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አየር መንገድ ሲከስር ብዙ ጊዜ የምንጠረጥራቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው፤ የነዳጅ ዋጋ፣ የተፎካካሪ ብዛት፣ የአገልግሎት ማሽቆልቆል፣ ወይም አደጋ። በሃይናን ላይ ከእነዚህ አንዱም ዋነኛ ምክንያት አልነበረም። ኮሮና ጎድቶታል፤ ይሁንና ኮሮና የዓለምን አየር መንገዶች ሁሉ ጎድቷል፤ የቻይና ሦስቱ የመንግሥት አየር መንገዶችም ከፍተኛ ኪሳራ አስመዝግበው ፍርድ ቤት ሳይደርሱ አልፈውታል። ሃይናንን ለዚያ ያበቃው ባለቤቱ ነው። መብረሩን ጠንቅቆ የሚያውቅ ድርጅት፣ ከመብረር ጋር ምንም ግንኙነት ለሌለው ግዢ መያዣና ዋስ ሆኖ ተገኘ። ነገሩን ከመነሻው ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ያ ባለቤት በኋላ ያፈረሰውን አየር መንገድ ያቆመውም እርሱ ራሱ ነው።

ሃይናን በ1988 ከጓንግዶንግ ተነጥላ ራሷን የቻለች ግዛትና ልዩ የኢኮኖሚ ቀጣና ስትሆን የጎደላት ብዙ ነበር። ከሁሉ የባሰው የመጓጓዣ ችግር ነው። ደሴት ናት፤ ባለሀብትም ቱሪስትም ባሕር ተሻግሮ መምጣት ነበረበት። የግዛቷ አስተዳደር የራሷ አየር መንገድ እንዲኖራት ወሰነ፤ ሥራውን የተረከበው ቼን ፌንግ የተባለ፣ በቻይና ሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ያገለገለና በጀርመን በሉፍታንዛ የሠለጠነ ሰው ነው። መንግሥት የሰጠው መነሻ ገንዘብ 10 ሚሊዮን ዩዋን ነበር። ያ ገንዘብ የአንድ አውሮፕላን ክንፍ እንኳ አይገዛም ይባል ነበር። ቼን ፌንግና ባልደረባው ዋንግ ጂያን ድርጅቱን ወደ አክሲዮን ማኅበር ለወጡት፤ ከባንክ ተበድረው ቦይንግ 737 አመጡ፤ በ1993 ሜይ 2 የመጀመሪያው አውሮፕላን ከሃይኮው ወደ ቤይጂንግ ተነሳ። በመጀመሪያዎቹ በረራዎች ሊቀ መንበሩ ቼን ፌንግ ራሱ የምግብ ጋሪውን እየገፋ መንገደኛ ያስተናግድ እንደነበር በቻይና ብዙ ጊዜ ተነግሯል።

ወጣቱ ድርጅት ከሌሎቹ የሚለይበት ችሎታ የታየው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ1995 የአሜሪካዊው ባለሀብት የጆርጅ ሶሮስ ኩባንያ 25 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ ከአየር መንገዱ ሩብ ያህሉን ድርሻ ገዛ። እስከዚያ ቀን ድረስ የውጭ ገንዘብ የገባበት የቻይና አየር መንገድ አልነበረም። በ1997 ለውጭ ባለሀብቶች፣ በ1999 ደግሞ ለአገር ውስጥ ገዢዎች አክሲዮኑን ሻንጋይ ገበያ ላይ አወጣ። ገንዘብ ማግኘት ለቼን ፌንግ እንደ ሙያ ሆነለት። የኋለኛው ጥፋት ዘር የተዘራው በዚሁ ስኬት ውስጥ ይመስለኛል፤ መበደር አንዴ ካዳነ፣ ሁልጊዜ የሚያድን ይመስላል።

በ2002 የቤይጂንግ መንግሥት የተበታተኑትን የመንግሥት አየር መንገዶች በሦስት ቡድን አጠቃለላቸው፤ ኤር ቻይና፣ ቻይና ኢስተርን እና ቻይና ሳውዘርን። ሃይናን ከውጭ ቀረ። አስቀድሞ ግን እንደ ሺንኋ እና ቻንግአን ያሉ ትንንሽ አየር መንገዶችን በእጁ አስገብቶ ስለነበር አራተኛው ሆኖ ቆመ። አራተኛ መሆን በቻይና ቀላል አይደለም። በቸገረ ቀን ሦስቱን መንግሥት ካፒታል እየጨመረ ይደግፋቸዋል፤ በ2008ቱ የዓለም የገንዘብ ቀውስም ያደረገው ይህንኑ ነው። ጥሩ ጥሩውን መስመርም የያዙት እነሱ ናቸው። የአቪዬሽኑ ባለሥልጣን ለረጅም ጊዜ በአንድ ረጅም ዓለም አቀፍ መስመር ላይ አንድ የቻይና አየር መንገድ ብቻ እንዲበር ይፈቅድ ነበር። ከቤይጂንግ ኒው ዮርክ፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ፍራንክፈርት የሚወስደው መንገድ በኤር ቻይና ተይዞ ነበር።

ሃይናን የቀረውን ወሰደ፤ የቀረውን የወሰደበት ብልሃት ደግሞ ሊደነቅለት ይገባል። በ2004 አህጉር አቋርጦ የበረረበት የመጀመሪያ መስመር ከቤይጂንግ ቡዳፔስት ነበር። ቀጥሎ ብራስልስ፣ በርሊን፣ በ2008 ሲያትል፣ በ2014 ቦስተን፣ በ2016 ማንችስተርና ቴል አቪቭ መጡ። ትልልቆቹ ንቀው የተዉዋቸው ከተሞች ናቸው። ቦስተን በዩኒቨርሲቲዎቿ ትታወቃለች፤ ሲያትል የቦይንግና የማይክሮሶፍት መናኸሪያ ናት፤ ቴል አቪቭ የቴክኖሎጂ ባለሀብቶች ከተማ ነች። በእነዚህ መስመሮች የሚመላለስ ተማሪ፣ ነጋዴና መሐንዲስ እንደሚኖር ሃይናን ቀድሞ አይቷል። እንደ ቦይንግ 787 ያሉ፣ ከትልልቆቹ አውሮፕላኖች ያነሰ መቀመጫ ይዘው ሩቅ የሚሄዱ አዳዲስ አውሮፕላኖች ሲመጡ ደግሞ እንዲህ ያለው መስመር አዋጭ ሆነ።

በአገር ውስጥም ይህንኑ አደረገ። በቻይና የራሴ አየር መንገድ ይኑረኝ የማይል የከተማና የግዛት አስተዳደር ጥቂት ነው። ሃይናን ሙያውን፣ አስተዳደሩ ገንዘቡን እያመጣ በቲያንጂን፣ በዩናን፣ በቾንግቺንግ፣ በኡሩምቺ፣ በፉጆው ትንንሽ አየር መንገዶች ተቋቋሙ። ሲደመሩ ኃይለኛ ቡድን ሆኑ። የአካባቢው አስተዳደር ኩራቱን አገኘ፤ ሃይናን የመነሻና ማረፊያ ሰዓት፣ ድጎማና የባንክ በር አገኘ።

አገልግሎቱን በተመለከተ ምስክር ማብዛት አያስፈልግም። ከ2011 ጀምሮ ስካይትራክስ የተባለው የብሪታንያ መዛኝ ድርጅት ባለአምስት ኮከብ አድርጎ መድቦታል። ከዋናው ቻይና ያንን ደረጃ ያገኘ የመጀመሪያው ነው። የመንገደኛ ሕይወት የጠፋበት አደጋም በታሪኩ የለም። ቼን ፌንግ አጥባቂ ቡድሂስት ነው። በሃይኮው ያለው የቡድኑ ዋና ሕንፃ የተቀመጠ ቡድሃን እንዲመስል ተደርጎ ተሠርቷል፤ ሠራተኞቹ ከቻይና ጥንታዊ ትምህርት የተቀዳ አሥር አንቀጽ ያለው የሥነ ምግባር መመሪያ ያጠኑ ነበር። በ2017 የአስተናጋጆቹ አዲስ የደንብ ልብስ ፓሪስ ላይ፣ በታላላቆቹ የፋሽን ትርኢቶች ሰሞን ቀረበ። ይህን የማነሳው ለጌጥ አይደለም። ይህ ሁሉ የሚያሳየው ሥራቸውን የሚያከብሩ ሰዎች የሠሩት ቤት መሆኑን ነው፤ በኋላ የደረሰባቸው በእነሱ ጥፋት እንዳልሆነ ለማስረዳትም ይጠቅማል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልግባ። አየር መንገድ ለባለቤቱ ፈታኝ የሆነ ጠባይ አለው። ትኬት የሚሸጠው ከበረራው ሳምንታት ወይም ወራት ቀደም ብሎ ነው፤ ስለዚህ ገና ያልተሰጠ አገልግሎት ገንዘብ በየቀኑ በካዝናው ውስጥ ያድራል። ትርፉ ግን ቀጭን ነው፤ ከመቶ ጥቂት ብር ብቻ። ብዙ ገንዘብ በእጅ የሚያልፍበት፣ ትንሽ ብቻ የሚቀርበት ሥራ ማለት ነው። አርቆ የማያስብ ባለቤት የሚያልፈውን ከሚቀረው ጋር ያምታታዋል። በዚያ ላይ አውሮፕላን ታርጋው የታወቀ፣ የትም አገር የሚሸጥ ንብረት ነው፤ ባንክ ይወደዋል። አየር መንገድ ያለው ሰው ያለ ብዙ ልመና ሊበደር ይችላል። በቻይና ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ፤ የአንድ ግዛት ኩራት የሆነ ድርጅት ይወድቃል ብሎ የሚጠረጥር ባንክ አልነበረም።

ኤችኤንኤ በ2000 በቡድን ደረጃ ተቋቁሞ ለአሥራ አምስት ዓመት በዚህ መንገድ አደገ። ከ2015 እስከ 2017 ያለው ግን ዕድገት ሊባል አይችልም። ስዊስፖርት የተባለውን የአውሮፕላን ማረፊያ አገልግሎት ሰጪ ገዛ፤ በአውሮፕላን ምግብ የታወቀውን ጌትግሩፕን ገዛ። ይህስ እሺ፤ ከሙያው ብዙም አልራቀም። አቮሎን የተባለውን የአየርላንድ አውሮፕላን አከራይ ሲጠቀልል፣ በብራዚሉ አዙል አየር መንገድ ውስጥ 450 ሚሊዮን ዶላር ሲያፈስም ምክንያት ሊቀርብለት ይችላል። ከዚያ ግን ኢንግራም ማይክሮ የተባለውን የኮምፒውተር ዕቃ አከፋፋይ በ6 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ብላክስቶን ከተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት እጅ የሂልተን ሆቴሎችን ሩብ ድርሻ በ6.5 ቢሊዮን ዶላር ወሰደ። በኒው ዮርክ ፓርክ ጎዳና ላይ ላለ አንድ ሕንፃ 2.21 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። ከጀርመኑ ዶይቸ ባንክ ወደ አሥር በመቶ የሚጠጋ ድርሻ ሰብስቦ ትልቁ ባለአክሲዮን ሆነ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ለግዢ የወጣው ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ፎርቹን መጽሔት በየዓመቱ በሚያወጣው የ500 ታላላቅ ድርጅቶች ዝርዝር ላይ በ2015 464ኛ የነበረው ቡድን በ2017 170ኛ ሆነ።

ከእነዚህ ንብረቶች ብዙዎቹ ጥሩ ንብረቶች ነበሩ። የሂልተን ድርሻ በ2018 ሲሸጥ ከተገዛበት ዋጋ በላይ አውጥቷል። ችግሩ የተገዙበት ገንዘብ ዓይነት ነው። የአንዱ ንብረት አክሲዮን ለሌላው ግዢ መያዣ ይሆናል፤ ብድሩ በአጭር ጊዜ የሚመለስ፣ ንብረቱ ግን ፍሬ ለማፍራት ረጅም ዓመት የሚጠይቅ ነው። አዲስ ብድር እስከመጣ ድረስ ሰንሰለቱ ይይዛል። ብድሩ የቆመ ቀን ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ሻጭ ይሆናል፤ በችኮላ የሚሸጥ ሰው ዋጋ የሚወስነው እርሱ ሳይሆን ገዢው ነው።

ብድሩ የቆመው በ2017 ክረምት ነው። የቻይና የባንክ ተቆጣጣሪ ባንኮች ለኤችኤንኤና ለሌሎች ጥቂት ትልልቅ የውጭ ገዢዎች ያበደሩትን እንዲመረምሩ አዘዘ። በዚያው ሰሞን በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ተቆጣጣሪዎች አንድ ቀላል ጥያቄ አነሱ፤ ይህን ድርጅት የያዘው ማነው? መልሱ ቀላል አልነበረም። ስሙ እምብዛም በማይታወቅ አንድ ግለሰብ ተይዞ የነበረ 29 በመቶ ያህል ድርሻ ኒው ዮርክ ውስጥ ለተቋቋመ የበጎ አድራጎት ድርጅት መተላለፉን ቡድኑ ራሱ ገለጸ። በዓለም ዙሪያ ሆቴልና ባንክ የሚገዛ ድርጅት ባለቤቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻለ፣ ያበደረው ሰው እንቅልፍ ማጣት ነበረበት። ባንኮቹ ይህን ጥያቄ አሥር ዓመት ቀድመው ሊያነሱት ይገባ ነበር ባይ ነኝ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። በ2018 ኤችኤንኤ የገዛውን መልሶ መሸጥ ያዘ፤ ሂልተን፣ ዶይቸ ባንክ፣ በየከተማው የነበሩ ሕንፃዎች። በጁላይ 3 ዋንግ ጂያን በደቡብ ፈረንሳይ ቦንዮ በምትባል መንደር ፎቶ ለመነሳት ከቆመበት ግንብ ወድቆ ሞተ፤ 57 ዓመቱ ነበር። ገንዘቡ በጣም ሲጠብም ቡድኑ ከፍ ያለ ወለድ እያሳየ ከገዛ ሠራተኞቹ ተበደረ። ደመወዝ የሚከፍለው ድርጅት ደመወዙን መልሶ ይበደር ጀመር ማለት ነው፤ ከታሪኩ ሁሉ ልቤን የነካኝ ይህ ነው።

ኮሮና የደረሰው በዚህ ላይ ነው። በ2020 ፌብሩዋሪ መጨረሻ የሃይናን ግዛት መንግሥት የራሱን የሥራ ቡድን ልኮ የኤችኤንኤን ጉዳይ ተረከበ። ከአንድ ዓመት ገደማ ምርመራ በኋላ፣ በ2021 ጃንዋሪ፣ እውነቱ በአደባባይ ተገለጠ። ትልልቅ ባለአክሲዮኖችና ተዛማጅ ድርጅቶች ከሃይናን አየር መንገድና ገበያ ላይ ካሉ ሁለት እህት ኩባንያዎች ያለ አግባብ የወሰዱት ገንዘብ ወደ 61.5 ቢሊዮን ዩዋን ይደርስ ነበር። ለትንንሾቹ ባለአክሲዮኖች ያልተነገረ፣ አየር መንገዱ ለሌሎች ድርጅቶች ብድር የገባው ዋስትናም ተገኘ። የአየር መንገዱ የ2020 ኪሳራ 64 ቢሊዮን ዩዋን ያህል ሆኖ ተመዘገበ። በቻይና ገበያ የተመዘገበ ኩባንያ እስከዚያ ድረስ በአንድ ዓመት እንዲህ ከስሮ አያውቅም። ከዚህ ውስጥ ባዶ መቀመጫ ያመጣው አንድ ክፍሉን ብቻ ነው፤ ቀሪው ለዓመታት ተሸፍኖ የቆየው የባለቤቱ ጉድጓድ ነው። ዕዳ ከሜዳ ማለት ለአብራሪዎቹና ለአስተናጋጆቹ ይህ ነበር።

በፍርድ ቤቱ ፊት የቡድኑ 321 ኩባንያዎች እንደ አንድ ድርጅት ተቆጠሩ፤ አየር መንገዱና አሥር ቅርንጫፎቹ ለብቻቸው ተያዙ። ይህ አከፋፈል ተራ የሕግ ሥነ ሥርዓት ሊመስል ይችላል፤ አየር መንገዱን ያተረፈው ግን ይኸው ነው። የሚበረው ክፍል ከማይበረው ተለየ። ወደ 64 ሺህ የሚሆኑ አበዳሪዎች ከአንድ ትሪሊዮን ዩዋን በላይ የሆነ ጥያቄ አቀረቡ። በ2021 ሴፕቴምበር ቼን ፌንግና የቡድኑ ዋና ሥራ አስፈፃሚ በወንጀል ተጠርጥረው በፖሊስ ተያዙ። በኦክቶበር መጨረሻ ፍርድ ቤቱ የማዋቀሪያ ዕቅዱን አጸደቀ። በዲሴምበር አየር መንገዱ ፋንግዳ ለተባለ ከሊያውኒንግ ለመጣ የግል ቡድን ተላለፈ፤ የአውሮፕላን ማረፊያዎቹ ለሃይናን መንግሥት የልማት ድርጅት ሆኑ።

መንግሥት ለምን አልተወውም የሚል ይኖራል። በመጀመሪያ ሃይናን ደሴት ናት፤ አየር መንገዱ በ1993 ለምን እንዳስፈለገ ያው ምክንያት አሁንም አለ። በ2020 ደግሞ ቤይጂንግ ደሴቲቱን የነፃ ንግድ ወደብ ለማድረግ ታላቅ ዕቅድ አውጥታ ነበር፤ አየር መንገዱ የሞተበት ደሴት የንግድ ወደብ ሊሆን አይችልም። ባለቤቱ ተቀጥቶ ሥራው መዳኑ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ትክክል ያልሆነው፣ ይህ እስኪሆን ድረስ ሃያ ዓመት ገደማ ማንም ሒሳቡን ገልጦ አለማየቱ ነው።

የኤችኤንኤ አሻራ በአፍሪካም አለ። ጋና ውስጥ በ2012 መብረር የጀመረው አፍሪካ ወርልድ አየር መንገድ ከመሥራቾቹ አንዱ እርሱ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በዚያው ዘመን በሌሎች የአፍሪካ አገሮች አየር መንገዶች ውስጥ ድርሻ ሲይዝ ነበር፤ በሎሜ አስካይ፣ በማላዊ፣ በኋላም በዛምቢያ። ልዩነቱን ልብ ይሏል፤ የእኛው የገዛው በሚያውቀው ሙያ ውስጥ፣ ገንዘቡም ቁጥጥሩም በሚፈቅድለት ልክ ነው። ዛሬ ቢሾፍቱ አጠገብ ብዙ ቢሊዮን ዶላር በሚጠይቅ የአውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ላይ ሲገባ፣ ብድሩ በማን ስምና በማን ዋስትና እንደሚፈረም በግልጽ እንዲነገረን መጠየቅ ጠላትነት አይደለም፤ ለአየር መንገዱ መቆርቆር ነው።

ሃይናን ዛሬ በረራውን አስፋፍቷል፤ አውሮፓና አሜሪካ ተመልሷል። በ2023 ትርፍ አሳየ፤ በ2024 እንደገና ኪሳራ ውስጥ ገባ። ይህ በዚህ ሙያ የተለመደ ውጣ ውረድ ስለሆነ ብዙም አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ አዲሱ ባለቤት ፋንግዳ ነው፤ ሀብቱን ያፈራው በብረት፣ በካርቦንና በመድኃኒት ፋብሪካ እንጂ በአውሮፕላን አይደለም፤ ነገ ከብረቱ ገበያ ጋር ቢቸገር በየቀኑ ገንዘብ የሚያልፍበት ካዝና አጠገቡ አለ። ሃይናን እውነት ድኖ እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ አንባቢ የኮከቡን ብዛት ትቶ የአየር መንገዱን ዓመታዊ ሪፖርት ይክፈት፤ ለተዛማጅ ድርጅቶች የተሰጠ ብድርና ዋስትና የሚለውን ገጽ ይፈልግና ቁጥሩን ከአምናው ጋር ያስተያየው።